አባቴ «መገላገል» ያሉት

አባቴ ታብሌቷን «እንዴት አደሩ?» አሏት።

እየቀለድኩ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ የቆመች፣ ጥጓ የተሰነጠቀ፣ የዳዊት መጽሐፍ የምታክል ታብሌት ናት። አባቴ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ጎንበስ ብለው ነው ሰላም ያሏት። እኔ በሃፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አባዬ፣ ዕቃ ናት እኮ!»

«ዕቃም ብትሆን ልታናግረኝ ነው የተቀመጠችው። ሰላምታ አይነፈግም» አሉኝ።

ታብሌቷም በሴት ድምፅ፣ በአዲስ አበባ አማርኛ፣ «ደህና ነኝ፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አለች። አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «እርስዎ ነው ያለችኝ» አሉ። ካንተ ትሻላለች ማለታቸው ነው።

እዚያ እንዴት እንደደረስን ልናገር። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከደብረ ታቦር በገሳይ በኩል ሲወጣ፣ መንገድ ዳር ኮምፕሬሰሬን ዘርግቼ ጎማ እለጥፋለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። መምህሩ ሰደበኝ፣ እኔም መለስኩለት፣ እዚያው ተለያየን። ከዚያ ወዲህም አፌ አርፎ አያውቅም። ሹፌር ቢጮህብኝ አንድ ብሎ ሳይጨርስ ሦስት አጎርሰዋለሁ። ንዴቱ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ጠዋት ስነሳ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ነው የማገኘው።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከገሳይ ወረድ ብሎ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ ማኅበር መሄድ ተዉ። ቀጥሎ እርሻውን ተዉና ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጡ። ከዚያ ዕቃ ማደል ጀመሩ። ሞፈርና ቀንበራቸውን ለጎረቤት፣ አዲሱን ጋቢ ለክርስትና ልጃቸው። በሄድኩ ቁጥር ከቤቱ አንድ ነገር ይጎድላል። «ምን ሆነው ነው?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ደከመኝ ልጄ። ልገላገል።»

ይቺን ቃል እኛ አገር የማንላት ለምን አለ? ሴት ስትወልድ ተገላገለች ነው። ክፉ ጎረቤት የለቀቀለት ሰው ተገላገለ ነው። ጥርሱን የተነቀለ ተገላገለ ነው። ታሞ ሲማቅቅ ኖሮ የሞተም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተገላገለ ነው። እኔ የሰማሁት ከበሬዎቻቸው መገላገልን ነው። አባቴ በሬዎቻቸውን ሸጠው፣ ቤቱን ዘግተው፣ ከተማ መጥተው እኔ ላይ ሊወድቁ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። አንዲት ጠባብ ክፍል ነው ያለችኝ። እንዲያውም እብናት ገበያ ከብት የሚያመላልስ ነጋዴ አነጋገርኩና «አይዞዎት፣ እኔ እገላግልዎታለሁ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔም ሳይወዱልኝ ቀርተው ነው ብዬ ይባስ ተናደድኩ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የአባቴን ሆድ ጠላም አላወጣው። ጠበል ወሰድናቸው፤ ሁለት ሱባዔ ጨርሰው ያው ዝም ብለው ተመለሱ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው እኔ ያለሁበት ድረስ በእግራቸው መጥተው ጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አፌን ስዬ ነበር። እሳቸው ግን «ጠበሉንም ይጠጡ፣ ሐኪምም ይያቸው። ሁለቱም የእግዜር ነው። ውሰዳቸው» ብቻ ብለው ባርከውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቄስ አልሰድብም።

እንዲህ ነው ደብረ ታቦር ወደሚገኘው ወደ አእምሮ ሕክምናው የመጣነው። አግዳሚው ላይ ሰው ሞልቷል። ሐኪሙ አንድ ነው። ማን ቀድሞ ይግባ የሚለውን የሚለዩባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ትሪያጅ ይሏታል። ድሮ ሲስተር ራሷ ነበረች እየጠየቀች የምትለየው። አሁን ታብሌት ተጨመረ። ታብሌቷ ትጠይቃለች፣ ሰውየው ይመልሳል፣ እሷ የማን ሕመም እንደሚብስ ለሲስተር ትነግራለች። ኤአይ ነው አሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ከሰው አስተውሎት ሲጠፋ ይኸው በፋብሪካ ሊሠሩት ነው ብዬ ተነሳሁ።

«ሲስተር፣ ድሃውን ለሞባይል ልትሰጡት ነው?»

ሲስተር አጭር ናት፤ ዓይኗ ግን ረጅም ነው። ካርድ ማገላበጧን ሳታቆም «ድሃ አትበለኝ ወንድሜ፤ ትናንት ባለ ሕንፃው ነው የተቀመጠባት» አለችኝ። አግዳሚው ሁሉ ሳቀብኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ደግሞ ስማ። የምወስነው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። አልፈልጋትም ያለውን እኔ እጠይቀዋለሁ። ያንተን ሳይሆን የአባባን ፈቃድ ነው የምጠይቅ።»

አጠገቤ ኮት የለበሰ መምህር ተቀምጧል፤ አማርኛው ከሌላ አገር እንደመጣ ያሳብቅበታል። «እኔን ሰው ይጠይቀኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የምናገረው ነገር ነገ የት እንደሚሄድ አላውቅም።»

«መብትዎ ነው» ብላ ሲስተር ካርዱ ላይ ጻፈችለት። ሳትጨቃጨቅ። እኔ ጠብ ጠብቄ ነበር።

«አየሽ! የተማረው ሰው እንኳ ፈራት» አልኩ።

ከወዲያ በኩል ከእብናት የመጣች ሴት፣ ልጇን አስደግፋ፣ «እኔስ እሷኑ መርጫለሁ» አለች። «ባለፈው ይቺን ልጄን ሰው ሲጠይቃት አንድ ቃል አልወጣትም። ለዚያች ግን ስትናገር በጆሮዬ ሰማሁ። የእኛ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ ፊቱ ይለዋወጣል። እሷ ምን ፊት አላት?»

«ፊት የሌለው ነገር እንዴት ይታመናል እቴ?»

«አንተ ፊት አለህ፤ ማን አመነህ?» አለችኝ። እዚህ ላይ መምህሩም ሳቀ።

የአባቴ ተራ ደረሰ። ማንበብ ስለማይችሉ አብሬያቸው ገባሁ። ሲስተር፣ ታብሌቷ ማሽን መሆኗን፣ ሰው አለመሆኗን፣ ካልተመቻቸው ማቆም እንደሚችሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አባቴ አሰቡ አሰቡና የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አንቺ ልበላት አንቱ?»

«እንዳሻዎት አባባ። አትቀየምም።»

«እንግዲያስ አንቱ። ለማያውቁት አንቱ ነው» ብለው ተቀመጡና ያንን «እንዴት አደሩ» አሏት።

ታብሌቷ ጀመረች። «እንቅልፍዎ እንዴት ነው?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የምግብ ፍላጎትዎስ?»

«ተመስገን።»

«ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ይሰማዎታል?»

«ኧረ እሱ ይመስገን፣ ምን ጎድሎኝ።»

በቃ። እኛ አገር ሰው ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ ቆሞም እንዴት ነህ ሲሉት ተመስገን ነው የሚለው። ሌላ መልስ ነውር ነው፤ እግዜርን መክሰስ ነው። እቺ የአዲስ አበባ ልጅ ይሄንን የት ታውቃለች? ጤነኛ ናቸው ብላ ከሁሉም ኋላ ልታሰልፋቸው ነው፤ እሳቸውም «ምንም የለብህም ተባልኩ» ብለው ወደዚያች ባዶ ቤት ሊመለሱ ነው። «አየሽ ሲስተር፣ እያሞኟት ነው!» አልኩ። ሲስተር በእጇ ዝም በል አለችኝ።

ታብሌቷም አልተሞኘችም። «ማመስገንዎ መልካም ነው» አለች። «ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ነቁ?»

አባቴ አሰቡ። «ዶሮው ሳይጮህ። ሲጮህ ነቅቼ ነው የማገኘው። ሁልጊዜ።»

«ትናንት ምን በሉ?»

«ቁራሽ።»

«ከማን ጋር በሉ?»

ስንት ጊዜ ሄጄ «በሉ ወይ?» ብያቸዋለሁ። «ከማን ጋር» ግን ብዬ አላውቅም።

«ብቻዬን ነው እሜቴ» አሉ አባቴ።

«ከዚህ በኋላ ምን ቢሆንልዎት ይፈልጋሉ?»

«እንግዲህ ምን እፈልጋለሁ። መገላገል ነው እንጂ።»

«በሬዎቹን ነው!» ብዬ ዘው አልኩ። «በሬዎቹን ሊሸጡ ነው የፈለጉት።»

ታብሌቷ እኔን አልሰማችኝም፣ ወይም ንቃኛለች። አንዲት ትንሽ ክብ ነገር መሃሏ ላይ ስትዞር ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «"መገላገል" ያሉትን በትክክል መረዳቴን እርግጠኛ አይደለሁም። ቃሉ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ከወሊድ ነው? ከሥራና ከሐሳብ ማረፍ ነው? ወይስ ከሕይወት ነው?»

እኔ ወሊድ የሚለውን ስሰማ በሳቅ ፈነዳሁ። «ሲስተር! አባቴን ነፍሰ ጡር አደረገቻቸው እኮ!»

ሳቁ የእኔ ብቻ ነበር። ሲስተር አባቴን እያየች ነው። አባቴ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ እርፍ ሲጨብጡ የኖሩበትን ጠጠር የመሰለ ቆዳ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ፣ ገበያ ላይ በግ እንደሚመርጥ ሰው በረጋ ድምፅ፣

«ሦስተኛው» አሉ።

እስከ ዛሬ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። ጎማ ፊቴ ላይ ፈንድቶ ጆሮዬ ለሳምንት ጮኋል። እንደዚያች ቃል ግን የመታኝ የለም።

ታብሌቷ፣ «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ይህ ለብቻ የሚሸከሙት ነገር አይደለም። አጠገብዎ ያለችው ነርስ አሁን ታነጋግርዎታለች» አለች። መስታወቷ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ሲስተር ቀይ እስኪወጣ አልጠበቀችም፤ ወንበሯን ስባ ጉልበቷ ጉልበታቸውን እስኪነካ ቀርባ ነበር። ታብሌቷን ገልብጣ አስቀመጠች። «አባባ፣ ከዚህ በኋላ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ በቀጥታ ጠየቀቻቸው። ቃሉን አልሸፈነችውም፣ አላለዘበችውም፣ አልደነገጠችም። «ራስዎን ሊያጠፉ አስበዋል?» አለቻቸው፤ ውኃ ጠማዎት ወይ እንደሚባለው። እኔ ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ልብ አይበቃኝም።

አባቴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ። «ውጣ ልጄ።»

ወጣሁ። ከእብናት የመጣችው ሴት ፊቴን አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ትንሽ ቆይቶ ሲስተር በሩን ከፍታ ሐኪሙ ጋ ቀድመው የሚገቡት አባቴ እንደሆኑ ተናገረች። ተራው የመምህሩ ነበር። ብድግ ብሎ መንገድ ሰጣቸው፣ አባቴም እጅ ነሱት። መምህሩ ተመልሶ ሲቀመጥ «ደህና አድርጋ ጠይቃለች ማለት ነው» አለኝ። «እኔ አሁንም አልቀመጥባትም። ግን ደህና አድርጋለች።»

እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩትን ልናገር። ቃሉን ከጡት ጋር የጠባነው እኛ ነን። ጎረቤት ሰምቷል፣ የክርስትና ልጃቸው ሰምቷል፣ እኔ መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁላችንም የምናውቀው ቃል ስለሆነ አልጠየቅንም፤ ለየራሳችን የሚመቸንን ይዘን ሄድን። እኔ በሬ ሰማሁ። ያቺ የማታውቀን፣ ጥጓ የተሰነጠቀ ዕቃ፣ ስላልገባት «ምን ማለትዎ ነው?» አለች። ባለመረዳቷ አላፈረችም። እንደዚያ ያለ ሰው እስቲ ቁጠሩልኝ።

ለሲስተር በኋላ ይሄንኑ ስነግራት «አታምልካት ደግሞ» አለችኝ። «ባለፈው አንዲት እናት "ልቤ ቆስሏል" ብትላት ልብ ሐኪም ጋ ልትልካት ነበር። እኔ እዚያ የምቀመጠው ለምን ይመስልሃል?» ይቺን ሴት የሚወልድ አገር አይጥፋ።

አባቴ ከሐኪሙ ሲወጡ መድኃኒት ተጽፎላቸዋል፣ በሳምንት እንዲመለሱ ተቀጥረዋል። ሲስተር እኔን ለብቻ ጠርታ ለጊዜው ብቻቸውን እንዳይሆኑ፣ እቤትም አደገኛ የሚባለውን ነገር ሁሉ እንዳርቅ ነገረችኝ። በሬዎቹን የማሸጥ ነገር እዚያው ቀረ፤ ጎረቤት እንዲጠብቅልን ተነጋገርን። አባቴ ከእኔ ጋር ሊያድሩ ነው።

ከግቢው ሳንወጣ ዛፍ ሥር አረፍ አልን። ንዴቴ ተመልሶ መጣ። «ለዕቃ የተነገረ ለእኔ ለልጅዎ ለምን አልተነገረም?» አልኳቸው።

«ለጎረቤት ብናገር ስድቡ ላንተ ይተርፋል። ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር፣ እንዲህ ላለው ሰው ፍትሐት የለውም እያሉ ሲያስተምሩ ነው የሰማሁ፤ ፈራሁ።»

«እኔስ? እኔ ምን አደረግሁ?»

«አንተ መልስ አለህ» አሉ። «ገና ሳልጨርስ መልስ አለህ። የታብሌቷ ሴትዮ መልስ አልነበራትም። ጠየቀችኝ።»

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። መክፈቴን ራሴ አየሁትና ዘጋሁት። አባቴ አዩኝና ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

እኔ ጋ ከመጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኮምፕሬሰሩን ሳስነሳ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን «እንዴት አደሩ?» እላለሁ፣ «ተመስገን» ይላሉ፣ እዚያው ያልቃል። ከዚያ ዘዴውን ቀየርኩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነቁ?»

«ታብሌት ሆንክ እንዴ አንተ?»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው አባዬ?»

«ዶሮው ከጮኸ በኋላ። ይበቃሃል?»

«ይበቃኛል።»

ምሳ አብረን እንበላለን። ሹፌሮቹ ለመዷቸው፤ «ባላገር፣ ልጅዎን ይሄን አፍ የት ነው ያስተማሩት?» ይሏቸዋል። «እኔ ማረስ ነው ያስተማርኩት፤ አፉን ከተማ ነው የሰጠው» ይላሉ። ሁሉም ቀን ግን እንዲህ አይደለም። መድኃኒቱ አፋቸውን ያደርቀዋል፣ አንዳንድ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። እኔም ደግ ሰው አልሆንኩም። ሁለት ጊዜ ጮኼባቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወጥቼ ጎማ በመዶሻ ደብድቤ ተመልሻለሁ።

ከሁሉ የማልረሳት አንዲት ማክሰኞ ናት። የትልቅ ጭነት መኪና የኋላ ጎማ ፈትቼ፣ መኪናው በክሪክ ከመሬት ተነስቶ፣ ሹፌሩ ቶሎ በል እያለ ራሴ ላይ ቆሟል። አባቴ ከተቀመጡበት ተነስተው መጡ። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉ።

«ያ ሐሳብ ዛሬ መጣብኝ» አሉ።

ምላሴ ላይ ስንት ነገር መጣ። ምን ጎደለብዎ፣ መድኃኒቱን ውጠው የለም ወይ፣ እኔንስ አላሰቡም ወይ። ሁሉንም ዋጥኩት። ምራቅ ሳይሆን ብሎን የዋጥኩ ነው የመሰለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳቸው።

«ከንጋት ጀምሮ። ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁት፤ አልሄደም።»

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና እጄን በጋዝ መታጠብ ጀመርኩ። ሹፌሩ ጮኸ። «አንተ! መኪናዬን በክሪክ ሰቅለህ የት ልትሄድ ነው?»

«አባቴን ሐኪም ቤት ላደርስ።»

አባቴን አያቸው። ምን እንዳየ እንጃ፣ ድምፁ ወረደ። «ሂድ። እኔ አስረዋለሁ» አለ፤ ጃኬቱን አውልቆ መፍቻዬን አነሳ።

አግዳሚው እንደወትሮው ሞልቷል። ሲስተር ገና ከበሩ ስታየን ካርዶቹን አስቀምጣ ተነሳች። «ቀጠሯችሁ ሐሙስ አይደለም እንዴ?» አለች። ዓይኗ ግን ጥያቄው ላይ አልነበረም፤ አባቴን ከላይ እስከ ታች እያየች ነው።

ላስረዳ አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ያዙኝ። ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣

«ሐሙስ ነው» አሉ። «ያ ሐሳብ ዛሬ መጣብኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»